የኢቫፖሬተር ቱቦ ስሌት፦ ሦስት ቀመር፣ ሦስት መልስ። የቱን ልመን? (የሲሚንቶ ኪልን ጭስ)

ሳሚ_ሜካኒካል · እሑድ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ነኝ። ከሲሚንቶ ኪልን (ጥሬ ዕቃው የሚጠበስበት ትልቅ ምድጃ) ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚቀረውን የጭስ ሙቀት ቦይለር ውስጥ አሳልፎ እንፋሎት ማውጣት፣ በእንፋሎቱም ተርባይን ማዞር ነው ሐሳቡ። የማሰላው በቀን 3,000 ቶን ክሊንከር (ከኪልኑ የሚወጣው፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው) ለሚያመርት መስመር ነው። ጭሱ ከፕሪሂተሩ (ጥሬ ዕቃውን ከኪልኑ በፊት የሚያሞቀው ማማ) አናት ሲወጣ 340 ዲግሪ ገደማ ነው። ከቦይለሩ ሲወጣ ግን ከ220 በታች እንዲወርድ አልፈልግም፤ የጥሬ ዕቃ ወፍጮው ድንጋዩንና ሸክላውን የሚያደርቀው በዚያው ጭስ ነውና። እንፋሎቱ በ10 ባር ነው፤ ስለዚህ ውሃው የሚፈላው በ180 ዲግሪ ነው።

የተቸገርኩት ኢቫፖሬተሩ (ውሃው የሚፈላበት የቦይለሩ ክፍል) ቱቦ ውስጥ ነው። ከግድግዳው ወደሚፈላው ውሃ የሚገባውን የሙቀት ሽግግር ኮኤፊሸንት (ሙቀቱ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ የሚነግር ቁጥር) ለማግኘት ሦስት ቀመር ሞከርኩ። የ1966ቱ የቼን ቀመር 8,000 ዋት በካሬ ሜትር በኬልቪን ሰጠኝ። ሁለተኛው 11,000 አለ። ሦስተኛው 16,000። እጥፍ ልዩነት! ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ላይ ተኝቻለሁ። አማካሪዬ «የቱን እንደምታምን ወስንና ምክንያትህን ጻፍ» ብሎኝ ሄዷል።

ሌላው ፍርሃቴ ድራይአውት ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ አልቆ ግድግዳው ከደረቀ ቱቦው ይቃጠላል ሲባል ሰምቻለሁ። ከየትኛው ርዝመት ላይ እንደሚደርቅ በምን ላስላው?

ሳቂታው · እሑድ፣ ማታ 3፡41

ሁለት ወር ውሃ አፍልተህ ሻይ ሳታቀርብ መጣህ?

ሄዋን_ፍሰት · እሑድ፣ ማታ 4፡05

ሳሚ፣ ከመልሴ በፊት አንድ ጥያቄ። የጭሱን ኮኤፊሸንት ስንት ያዝክ? ከየትስ አመጣኸው?

ሳሚ_ሜካኒካል · እሑድ፣ ማታ 4፡12

50 ነው የያዝኩት። ከመማሪያ መጽሐፍ ሰንጠረዥ ላይ፣ «ጋዝ በቱቦዎች ላይ ሲነፍስ» ከሚለው። እሱ ላይ ብዙም አልቆየሁም።

ሄዋን_ፍሰት · እሑድ፣ ማታ 4፡50

ጠርጥሬ ነበር። በል ወረቀት አምጣ።

ሙቀቱ ከጭሱ ተነስቶ ውሃው ዘንድ እስኪደርስ ሦስት በር ያልፋል። አንደኛው ከጭስ ወደ ግድግዳ፣ ሁለተኛው በብረቱ ውፍረት፣ ሦስተኛው ከግድግዳ ወደ ውሃ። የእያንዳንዱን በር ተቃውሞ እንደምር።

ጭሱ፦ 1 ሲካፈል ለ50፣ ይህም 0.02 ነው። 3 ሚሊሜትር የካርቦን ብረት 0.00007 ገደማ። ውሃው በቼን ቀመር፣ 1 ሲካፈል ለ8,000፣ 0.000125። ድምሩ 0.0202 ይሆናል። ገልብጠው፤ ጠቅላላው ኮኤፊሸንት 49.5 ነው።

አሁን ቼንን ተውና 16,000 የሰጠህን ውሰድ። 49.7 ይወጣል። ከ49.5 ወደ 49.7። ሁለት ወር የተኛህበት እጥፍ ልዩነት ከመቶ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ይህ ስድብ አይደለም፤ እኔም ዶክትሬቴን ስጀምር ይህንኑ አድርጌያለሁ። መጽሐፎቻችን ስለ መፍላት መቶ ገጽ ይጽፋሉ፣ ስለ ጭስ አሥር ገጽ። ተማሪ ደግሞ ገጹ የበዛበት ነገር ቁም ነገሩ ይመስለዋል።

ያንተ 50 ግን 40 ቢሆንስ? ጠቅላላው ወደ 39.7 ይወርዳል። ከሰንጠረዥ አንስተህ ያለፍከው ቁጥር የቦይለርህን ስፋት አንድ አራተኛ ያህል ያሳድገዋል። ጊዜህን እዚያ ላይ አጥፋ፤ የቱቦዎቹ አደራደር፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት፣ የጭሱ ፍጥነት። ለውሃው ቼንን ያዝ፣ ምክንያትህንም ይህንን ስሌት አድርገህ ጻፍ። አማካሪህ የሚጠብቀው እሱን ይመስለኛል።

ጋሽ_ቦይለር · ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

እንደምን አደራችሁ ልጆች። ሄዋን የተናገረችው ልክ ነው፣ ግን እሷም የረሳችው አለ። አቧራው የት ሄደ?

እኔ ሠላሳ ዓመት በላይ ቦይለር ቤት ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሲሚንቶ ፋብሪካ። የፕሪሂተር ጭስ ማለት እናንተ የምታውቁት የናፍጣ ጭስ አይደለም። በውስጡ የሚጋልብ ዱቄት አለ፤ ያልተጠበሰው የጥሬ ዕቃ ዱቄት። በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ጭስ በአሥር ግራሞች ይቆጠራል። ቱቦ ላይ ሲያርፍ እንደ ጤፍ ዱቄት ልስልስ ብሎ ይቀመጣል፤ ዝም ካልከው ይወፍራል።

ሳሚ ልጄ፣ ሁለት ሚሊሜትር አቧራ ጨምርና እንደገና ደምር።

ሳሚ_ሜካኒካል · ሰኞ፣ ጠዋት 2፡10

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። የአቧራውን የሙቀት ማስተላለፍ አቅም 0.2 ዋት በሜትር በኬልቪን ብዬ ያዝኩ። 2 ሚሊሜትር ሲሆን ተቃውሞው 0.01 መጣ። ጠቅላላው ከ49.5 ወደ 33 ወረደ!!

በስፋት ልንገራችሁ። የጭሱ መጠን በሰከንድ 73 ኪሎግራም ገደማ ነው፣ ከ340 ወደ 220 ሲወርድ 9.3 ሜጋዋት ሙቀት ይሰጣል። አማካይ የሙቀት ልዩነቱ (ሎጋሪዝማዊው) 86.6 ዲግሪ ነው። ንጹሕ ቱቦ ቢሆን 2,170 ካሬ ሜትር ይበቃኛል። ከአቧራው ጋር 3,250። ከሺህ ካሬ ሜትር በላይ ቱቦ ለዱቄት ብቻ ልገዛ ነው።

የባሕረሰላጤው · ሰኞ፣ ቀትር 6፡40

ሰላም ወገን። እኔ ያለሁት ገልፍ ውስጥ፣ በጋዝ ተርባይን ጣቢያ ጥገና ነው። ከተርባይኑ ጀርባ ያለው ቦይለር የሚቀበለው ጭስ ከ550 ዲግሪ በላይ ነው። ይህ ሁሉ ግርግር ለምን? ፊን (ስስ የብረት ክንፍ) ያለው ቱቦ አድርጉበት። በጭሱ በኩል ስፋቱን ብዙ እጥፍ ታደርጉታላችሁ፣ በሩ ይከፈታል፣ አለቀ። እኛ ጋ ፊን የሌለው ኢቫፖሬተር ቱቦ አይቼ አላውቅም።

ጋሽ_ቦይለር · ሰኞ፣ ማታ 1፡15

የኔ ልጅ፣ እናንተ የምታነዱት የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ጭሱ ከኔ ሸሚዝ ይነጣል። እዚህ ፊን ብትሰካበት አቧራው በፊኖቹ መሃል ይጠቀጠቅና ቱቦህ ብርድ ልብስ ለብሶ ታገኘዋለህ። ለዚህ ነው የፕሪሂተር ቦይለር ልሙጥ ቱቦ ይዞ መዶሻ የሚታሰርበት። በየተራ ይመታል፣ ቱቦው ይንቀጠቀጣል፣ ዱቄቱ ወደ ታች ይረግፋል፣ ከሥር ሰንሰለት ይጠርገዋል። ጎረቤት ሆኖ ያደረ ሰው እንቅልፍ የለውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ጓ... ጓ... ነው።

ፊን የሚገባው ከክሊንከር ማቀዝቀዣው በሚመጣው አየር ላይ ነው። እሱም አቧራ አለው፣ ግን አቧራው እንደ አሸዋ ሻካራ ነው፤ አይጣበቅም፣ ይልቅ ብረት ይበላል። ስለዚህ ቀድሞ ሰፊ ክፍል ውስጥ አየሩን አዘግይተው አሸዋውን ያስቀምጡታል፣ ከዚያ ፊን ወዳለው ቱቦ ይለቁታል።

የባሕረሰላጤው · ሰኞ፣ ማታ 1፡32

ተምሬያለሁ ጋሼ። እጅ ነስቻለሁ።

ሳሚ_ሜካኒካል · ሰኞ፣ ማታ 2፡00

ጥሩ፣ የጭሱ ነገር ገባኝ። የድራይአውቱ ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። በ1934 ጃፓናዊው ኑኪያማ በውሃ ውስጥ ሽቦ በኤሌክትሪክ ሲያሞቅ ያገኘው ኩርባ አለ አይደል? ሙቀቱን ስትጨምርበት አረፋው ይበዛል ይበዛል፣ ከዚያ ድንገት እንፋሎቱ ሽቦውን ይሸፍነዋል፣ ሽቦው ይቀልጣል። የጋለ የብረት ምጣድ ላይ ጠብ ያለች ውሃ ሳትተን እየተንከባለለች የምትጨፍረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከሥሯ እንፋሎት ተነጥፎላት። ቱቦዬ ውስጥ እንደዚያ ቢሆንስ?

ሄዋን_ፍሰት · ሰኞ፣ ማታ 3፡25

ምጣዷን ወደድኳት፣ ግን ሁለት ነገር ደባልቀሃል።

መጀመሪያ የኑኪያማን ሽቦ እንይ። ሽቦው በኤሌክትሪክ ነው የሚሞቀው። ኤሌክትሪክ አይለምንም፤ የላክኸው ኃይል ሁሉ የግድ ከሽቦው መውጣት አለበት። እንፋሎቱ መንገዱን ሲዘጋበት ሽቦው መውጫ እስኪያገኝ ድረስ ይግላል። ኒክሮሙ ቀለጠ፤ ፕላቲኒየሙ ከፍ ያለ ማቅለጫ ስላለው ተረፈና የኩርባውን ሌላ ጫፍ አሳየው። የኑክሌር ነዳጅ ዘንግም እንደዚሁ ነው፤ ለዚህ ነው መጽሐፉ ሁሉ በፍርሃት የተጻፈው።

ያንተ ጭስ ግን እንደዚያ አይገፋም። 340 ዲግሪ ነው፣ ግድግዳው ሲሞቅ ከጭሱ ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል፣ የሚገባው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ምንም ቢመጣ፣ ውሃው ከነጭራሹ ቢጠፋ እንኳ ቱቦህ ከ340 አይዘልም። ጣሪያው ጭሱ ራሱ ነው።

ሁለተኛ፣ መጠኑን ተመልከት። 49.5ን በ160 ዲግሪ ልዩነት አባዛው፤ በካሬ ሜትር 8 ኪሎዋት ገደማ። ድስት ውስጥ የሚፈላ ውሃ በእንፋሎት ለመሸፈን በካሬ ሜትር 1,000 ኪሎዋት አካባቢ ይፈልጋል። ከመቶ እጥፍ በላይ ርቀህ ነው ያለኸው። ስለዚህ የምጣዷ ዓይነት ነገር አንተ ጋ አይደርስም።

ድራይአውት ሌላ ነው። ቱቦው ውስጥ መጀመሪያ ትንንሽ አረፋ ይነሳል፣ አረፋው ተጋጥሞ እንደ ጥይት ይረዝማል፣ ከዚያ ይናወጣል፣ ከዚያ እንፋሎቱ መሃሉን ይዞ ይሮጣል፣ ውሃው በግድግዳው ዙሪያ ቀጭን ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ሽፋኑ ተኖ ሲያልቅ ግድግዳው ይደርቃል፤ ድራይአውት ይህ ነው። ለዚህ ትልቅ እሳት አያስፈልገውም፣ ውሃው ማለቁ ብቻ ይበቃል።

ይድረቅ እንበል። ደረቅ እንፋሎት 300 ኮኤፊሸንት ቢኖረው ጠቅላላው 43 ገደማ ይሆናል፤ ግድግዳው 203 ዲግሪ ይደርሳል። በቃ። ሃያ ሦስት ዲግሪ ከፍ አለ። ለካርቦን ብረት ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ጋሽ_ቦይለር · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

ሄዋን ልጄ፣ ስሌትሽ ያስቀናል። ግን «ምንም አይደለም» ሲባል እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ አልከትም። ቱቦ ውስጥ ስኬል (ከውሃው የሚጋገር ማዕድን) ሲያዝ ቱቦ ፊኛ ሆኖ አብጦ ሲፈነዳ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሄዋን_ፍሰት · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡40

ጋሼ፣ ያዩት በፈርነስ የሚነድ ቦይለር ላይ አይደለም? እሳቱ ፊት ለፊት የሚያየው ቱቦ በካሬ ሜትር 200 ኪሎዋት ሊቀበል ይችላል። አንድ ሚሊሜትር ስኬል በዚያ ላይ ግድግዳውን 100 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል፤ ብረቱ ይለሰልሳል፣ ያብጣል። እዚህ በ8 ኪሎዋት ያው ስኬል የሚጨምረው 4 ዲግሪ ነው።

ጋሽ_ቦይለር · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡20

አዎ፣ ፈርነስ ነበር። እሺ፣ በዚህ ረታሽኝ።

ነገር ግን ሳሚ የውሃ ማጣሪያውን ከዕቅዱ እንዳያወጣ። በስኬል ሥር ብረት ይበሰብሳል፣ ሙቀቱ ቢያንስም። ደግሞም ተላቅቆ ሲሄድ ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል።

የደረቀ ቱቦስ? ቱቦው ተጋድሞ ከሆነና ፍሰቱ ደካማ ከሆነ ውሃው ከታች ይተኛል፣ እንፋሎቱ ከላይ ይሄዳል። የላይኛው ወገን አንዴ ይረጥባል፣ አንዴ ይደርቃል። በሚደርቅበት መስመር ላይ በውሃው ውስጥ የነበረው ሶዳና ጨው ይከማቻል፤ ብረቱን እንደ ምስጥ ይቦረቡረዋል። ቆርጠን ስናየው የውሃው መስመር ልክ በማስመሪያ እንደተሠመረ ሆኖ ተፍቆ አገኘነው። ሙቀት አልገደለውም፣ ጨው ነው የገደለው።

ሄዋን_ፍሰት · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡35

ይህንን ማንም በስሌት አይነግርህም ሳሚ፣ ጻፈው። ጋሼ፣ ትክክል ነዎት። ለዚህ ነው ውሃውን በብዛት የምናዞረው። ወደ ቱቦው ከገባው ውሃ አሥረኛው ብቻ ተኖ ቢወጣ ዘጠኝ እጁ ወደ ድራሙ (እንፋሎቱና ውሃው ወደሚለያዩበት በርሜል) ይመለሳል፣ ግድግዳው እንደረጠበ ይኖራል፣ ጨውም አይከማችም።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። በክብደት ከመቶ 10 እጁ ብቻ እንፋሎት ነው አልን። በ10 ባር ውሃ በኪዩቢክ ሜትር 887 ኪሎግራም ነው፣ እንፋሎት 5 ኪሎግራም። ሁለቱ እኩል ፍጥነት ቢኖራቸው ያች አሥረኛዋ ከቱቦው ይዘት ከመቶ 95 እጁን ትይዛለች። በመስኮት ብታየው እንፋሎት ብቻ የሚሮጥበት ቱቦ ይመስልሃል፤ ክብደቱ ግን ውሃ ነው።

ኪሎዋት · ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡15

ጨዋታችሁን ላቋርጥ። ይህ ሁሉ ቱቦ ተገዝቶ ስንት ኤሌክትሪክ ይወጣል? ሌላ አገር የሚነገረው ከአንድ ቶን ክሊንከር 30 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፣ የማቀዝቀዣው አየር ተጨምሮ። በ3,000 ቶን በአማካይ 3.75 ሜጋዋት። ፋብሪካው ራሱ ለአንድ ቶን ሲሚንቶ 100 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል።

ቻይና ተሳካላት፤ የጃፓኑ ቴክኖሎጂ በ1998 (በፈረንጅ) ኒንግጉዎ ከገባ በኋላ አገር ሙሉ አዳረሱት። እዚያ ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ነው። እኛ ጋ አብዛኛው ከውሃ ግድብ ነው፣ ዕቃው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። «መብራት ሲጠፋ ያግዘናል» የሚለውንም አትመኑ። መብራት ሲጠፋ ኪልኑ ይቆማል፣ ኪልኑ ሲቆም ጭስ የለም፣ ጭስ ከሌለ ተርባይኑ ይቆማል። ጄኔሬተር የሚተካ ነገር አይደለም።

ደግሞ ለምን ውሃ? ጀርመን፣ ሌንግፉርት የሚገኘው ፋብሪካ በ1999 ከክሊንከር ማቀዝቀዣው በሚመጣ ሙቀት ፔንቴን እያፈላ 1.5 ሜጋዋት አቆመ። ፔንቴን በተራ አየር ግፊት 36 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ዝቅ ያለ ሙቀትም ይበቃዋል።

ሄዋን_ፍሰት · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

ኪሎዋት፣ የሒሳቡን ክርክር ላንተ ልተው፤ ስለ መብራቱ የተናገርከው እውነት ነው። ስለ ፔንቴኑ ግን ልግባ፤ ለሳሚ የጠቀመው ስሌት እዚያ ላይ ይገለበጣልና።

ሌንግፉርት ላይ ትኩሱ አየር ፔንቴኑን በቀጥታ አላገኘውም። መሃል ላይ ዘይት ይዞራል፤ አየሩ ዘይቱን ያሞቃል፣ ዘይቱ ፔንቴኑን ያፈላል። አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፔንቴን ተቀጣጣይ ነው፣ ጭስ መንገድ ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ማንም አይፈልግም። ሁለተኛው ያው ድራይአውት ነው። ውሃ ሲደርቅ ቱቦው ቢሞቅም ውሃው ውሃ ነው። ኦርጋኒክ ፈሳሽ ግን የደረቀው ግድግዳ ላይ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይሰባበራል፤ ሌላ ጋዝ ይወጣዋል፣ ኮንደንሰሩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጉልበቱ እየወረደ ይሄዳል። ዘይቱ የግድግዳውን ሙቀት ይገድብለታል።

እና ዘይትና ፔንቴን በሚገናኙበት መለዋወጫ ውስጥ በዘይቱ በኩል 1,000፣ በፔንቴኑ በኩል 2,000 ቢሆን፣ ጠቅላላው ወደ 640 ይጠጋል። የመፍላቱ ቁጥር እጥፍ ቢሆን 757። ከመቶ 19 እጅ ልዩነት! እዚያ ላይ ቼንም ሌላውም ቀመር ሁለት ወር ይገባቸዋል። የፔንቴን መፍላት ከሥሩ የሚነሳ አረፋ ስለሚበዛበት ቀመሮቹም እርስ በርሳቸው ይበልጥ ይጣላሉ።

ሳሚ_ሜካኒካል · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ማለት ርዕሴን ወደ ፔንቴን ብቀይር ሥራዬ አይባክንም?

ሄዋን_ፍሰት · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡34

ርዕስ አትቀይር! ሰኔ ደርሷል።

የባሕረሰላጤው · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

አንድ የረሳችሁት፤ ብዙ ቱቦ ከአንድ ማከፋፈያ ሲጠጣ እኩል አይጠጣም። አንዱ ቱቦ ትንሽ ከሞቀ እንፋሎቱ ይበዛበታል፣ እንፋሎት ሲበዛ መንገዱ ይጠባል፣ ውሃው ወደ ጎረቤቱ ይሸሻል፣ ያኛው የባሰ ይደርቃል። ሌዲኔግ ከ1938 ጀምሮ ያስጠነቀቀን ነገር ነው። መድኃኒቱ በየቱቦው መግቢያ ላይ ኦሪፊስ፣ ማለት ጠባብ ቀዳዳ፣ ማድረግ ነው፤ ፓምፑ ትንሽ ቢደክምም ሁሉም ድርሻውን ያገኛል። ጋሼ ስኬል ቀዳዳ ይደፍናል ያሉት ለዚህ ነው የሚያስፈራው።

ጋሽ_ቦይለር · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

እህ፣ አሁን ወደ እኔ ሠፈር መጣችሁ።

ጀበና ሲገነፍል አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው። ከሥር የተነሳው እንፋሎት አንገቱ ላይ ሲደርስ ከቡናው ጎን ሾልኮ ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ቡናውን ራሱን ተሸክሞት ይወጣል። ቡፍ! ከዚያ ጸጥ። ደግሞ ቡፍ። ቦይለር ከቀዝቃዛ ሲነሳ ቱቦዎቹ እንደዚያ ናቸው። ግፊቱ ገና ዝቅተኛ ነው፣ ዝቅ ባለ ግፊት ደግሞ እንፋሎት ቦታ ይፈጃል፤ ስለዚህ አረፋው ውሃውን እየገፋ ወደ ድራሙ ይወረውረዋል።

አንድ ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ሽፍት የሆነውን ልንገራችሁ። ኪልኑ ቆሞ ነበር፣ ተነሳ፤ ጭሱን ወደ ቦይለሩ ቶሎ ለቀቁት። የድራሙ ውሃ በከፍታ መለኪያው መስታወት ላይ እየወጣ እየወጣ መጣ። ልጁ አዲስ ነው፣ «ውሃ በዛ» ብሎ ብሎውዳውኑን (የድራሙን ውሃ ማስወጫ) ከፈተ፣ ፓምፑንም ቀነሰ። ውሃው ግን አልበዛም ነበር፤ ያበጠው አረፋው ነው። ግፊቱ ሲነሳ አረፋው ተጨምቆ ተሰበሰበ፣ ውሃው ከመስታወቱ ሥር ጠፋ። ዝቅተኛ ውሃ ትሪፕ! ቦይለሩ ራሱን አቆመ። ያ ሁሉ ጭስ በባይፓስ (ቦይለሩን በሚዘልለው መንገድ) ወጣ፣ ማለዳ ላይ ሁላችንም ተጠራን። ልጁን ተቆጡት፤ እኔ ግን እሱን አልወቅስም፣ ማን ነግሮት ያውቃል? መስታወት የሚያሳይህ ቁመት እንጂ ኪሎ አይደለም። ዳምፐሩን (የጭሱን በር) ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርጎ መክፈት ነበር መፍትሔው።

ሳቂታው · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡44

ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እናቴ ቡና ስታፈላ ኦሪፊስ እሰጣታለሁ።

ሳሚ_ሜካኒካል · ሐሙስ፣ ማታ 2፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምዕራፍ አራትን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። የመፍላቱ ስሌት አራት ገጽ ሆነ፣ የጭሱና የአቧራው አሥራ ሰባት። የዑደት ምጣኔዬ 10 ነው (ከሚዞረው ውሃ አሥረኛው ብቻ ይተናል)፣ ቱቦዎቹ ላይ ኦሪፊስ አለ። የመመገቢያውን ውሃ የሚያሞቀው ኢኮኖማይዘር በክሊንከር ማቀዝቀዣው አየር የሚሠራው ቦይለር ላይ ሆነ፣ ስለዚህ ለፕሪሂተሩ የሚደርሰው ውሃ ለመፍላት የተቃረበ ነው። የአማካሪዬ መልስ «አሁን መሐንዲስ ሆንክ» የምትል ነበረች፣ ደስ አለችኝ።

አንድ ጥያቄ ግን አስከትሎብኛል። ፋብሪካው ያለው በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቀጭን አየር በሙቀት ሽግግሩ ላይ ምን ያደርጋል? ደግሞ የጥሬ ዕቃ ወፍጮው ለጥገና ሲቆም ማድረቂያ ስለማያስፈልግ ጭሱን ከ220 በታች ላወርደው አልችልም?

ሄዋን_ፍሰት · ሐሙስ፣ ማታ 3፡00

ለከፍታው፦ ኪሎግራሙ እኩል እስከሆነ ድረስ ኮኤፊሸንቱ አይቀየርም፤ የሚወስነው በካሬ ሜትር የሚያልፈው ክብደት ነው። ፋኑ ግን የሚያውቀው ሜትር ኩብ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የጭሱ ጥግግት ከባሕር ወለሉ በአንድ አራተኛ ያነሰ ነው። ያንኑ ኪሎግራም ለመሳብ ይበልጥ ብዙ ሜትር ኩብ ማንቀሳቀስ አለበት፣ በቦይለሩ ውስጥ የሚጠፋው ግፊትም በዚያው ልክ ይጨምራል። የፋኑን አቅም ከአምራቹ ካታሎግ እንዳለ አትውሰድ፤ ካታሎጉ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። የድራሙ ነገር አያሳስብህ፣ 10 ባር ፍጹም ግፊት የትም ቢሆን 180 ዲግሪ ነው። ጌጁ ላይ የሚነበበው ግን የአካባቢው አየር ስላነሰ በሩብ ባር ያህል ይለያል።

ጋሽ_ቦይለር · ሐሙስ፣ ማታ 3፡25

ለወፍጮው እኔ ልመልስ። ማውረድስ ትችላለህ፣ ግን ውሃህ በ180 እየፈላ ጭሱን የት ታደርሰዋለህ? 200 ላይ ስትደርስ ቱቦው ሙቀት መቀበል ሊያቆም ምንም አይቀረው። ለጥቂት ቀን ጥገና ብለህ ያን ሁሉ ቱቦ አትጨምር።

ያላሰብከው ሌላ ነው። ወፍጮው ቆሞ ሳለ ከቦይለሩ የወጣው ጭስ በቀጥታ ወደ ማጣሪያው ከረጢቶች ነው የሚሄደው። ድሮ ቦይለር ሳይኖር የጭስ ማቀዝቀዣ ማማው ላይ ውሃ እየረጩ ነበር የሚያቀዘቅዙት። አሁን ቦይለር አለ ብለህ ርጭቱን ካጠፋኸው፣ ቦይለሩ ትሪፕ አድርጎ ጭሱ በባይፓስ ሲሄድ በ340 ዲግሪ ከረጢቶቹ ላይ ይወርድባቸዋል። ኢንተርሎኩን ጻፍ፤ የቦይለሩ ዳምፐር ሲዘጋ ርጭቱ በዚያው ቅጽበት ይከፈት። የውሃ ፓምፑንም ለመጠባበቂያ ሁለት አድርገው።

ሳሚ_ሜካኒካል · ሐሙስ፣ ማታ 3፡31

ጻፍኩት ጋሼ። ሁለት ፓምፕ።